ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የጎደለበት መምህር

ውባየሁ ሰመራ ላይ ሒሳብ ማስተማር ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ማህሌት አዋሽ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ልጃቸው ሎዛም ከእናቷ ጋር ሆና ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። እሱ አንድ አልጋ፣ አንድ ቬንትሌተርና አንድ ድስት ይዞ ብቻውን ይኖራል። ሙቀቱንስ ለምዶታል፤ ያልለመደው ለአንድ ሰው መቀቀልን ነው። ፓስታው ሁልጊዜ ይተርፈዋል።

ዘንድሮ አዋሽ ላይ የሒሳብ መምህር ቦታ ተከፈተ። ከትዳር ጓደኛው ርቆ የሚሠራ ቅድሚያ ያገኛል ተባለ፤ ውባየሁም በደስታ እንቅልፍ አጣ። የዝውውር ቅጹ ላይ «ርቀት በኪሎ ሜትር» የምትል ክፍት ቦታ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ሹፌር ጠይቆ ይሞላት ነበር። የእኛ ሰው ግን ካርታ ዘረጋ፣ ማስመሪያ አወጣ። ከአዋሽ ወደ ሰሜን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ወደ ምሥራቅ ዘጠና ሁለት። ሁለቱንም በየራሳቸው አባዛ፣ ደመረ፣ ስኩዌር ሩቱን አወጣ። ሦስት መቶ ሃያ አምስት! ደግሞ አረጋገጠው፤ ልክ ነው። ቅጹን ሲያስገባ ጉራ ቢጤም ነበረበት።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሙ የለም። ወደ ትምህርት ቢሮ ገብቶ ጉዳዩን የያዘችውን አሪፋን ጠየቃት።

«ከሦስት መቶ ሃምሳ በታች የጻፈ ለውድድር አልቀረበም፤ እርስዎ ሃያ አምስት ጎደለብዎት» አለችው። «ግን መምህር፣ በመኪና ስንት ነው?»

«ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ገደማ።»

«ታዲያ እሱን አይጽፉም?»

«የሁለት ነጥቦች ርቀት የሚለካው በቀጥታ ነዋ!»

«ወላሂ፣ በቀጥታ የሚሄደው አሞራ ብቻ ነው። እኛ በገዋኔ፣ በአዳይቱ፣ በሚሌ ዞረን ነው የምንደርሰው።» አዘነችለት። «በቃ፣ ቦታው ተይዟል። ለከርሞ ኢንሻአላህ።»

ያን ሁሉ ዓመት ቀመር ያስተማረ ሰው የትኛው ጥያቄ የትኛውን ቀመር እንደሚፈልግ ሳተ። አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ባዶነት ተሰማው። ከቢሮው ደጃፍ ሳይርቅ ለማህሌት ደወለ። ሁሉንም ሳይደብቅ ነገራት።

«ለገና ና ስንልህ መንገዱ ሩቅ ነው አልከን» አለችው። «ሎዛ ስትታመምም ሩቅ ነው አልከን። ለቢሮ ሲሆን አሳጠርከው?»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ተሳሳትኩ፣ ማሂዬ» አለ።

ከወዲያ የሎዛ ድምፅ ተሰማ። «አባዬ ነው? መቼ ነው የሚመጣው?»

«ለከርሞ ነው» አለቻት እናቷ።

ውባየሁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ልጁ እስክታለቅስ ጠበቀ። ለምን ትላለች፣ ትጮኻለች፣ ስልኩን ስጪኝ ትላለች ብሎ ነበር። ሎዛ ግን «እሺ» ብላ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች።