የካቺሲን መስመር የዘጋሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት በቅርቡ የተቀጠረች አንዲት ባለሙያ፣ ሌንሳ ትባላለች፣ ላፕቶፗን እንደያዘች ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። አምቦ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ነበር፤ መስኮታችን ሥር የቆሙት ባጃጆች የጎን ሸራቸውን አውርደዋል። "ጋሼ፣ የአንዱን ወረዳ ራውተር ከዚሁ ሆኜ ላስተካክለው? ወዲያው ያልቃል" አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ መስኮት ተከፍቷል፤ ትንሿ ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም እያለች ትእዛዝ ትጠብቃለች። "ቅዳሜ አብረን እንሠራዋለን" አልኳት። ቅር እያላት ሄደች። ምክንያቱን አልነገርኳትም።

የካቺሲን መስመር የዘጋሁ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ሥራችን የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከማዕከል ጋር የሚያገናኙትን መሣሪያዎች መጠበቅ ነበር። ራውተሩ ካቺሲ ነው፣ እኔ አምቦ። በመካከላችን ጊንጪ አለ፣ ጀልዱ አለ፣ በክረምት ጎማ የሚውጥ ጭቃ አለ። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አንድ መስመር ስጽፍ እዚያ ማዶ ያለው ዕቃ ይታዘዘኛል። ወጣት ለነበረ ሰው ይህ ቀላል ስካር አይደለም። እጄ ረዝሞ አገር ለአገር የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ ነበር። አሠልጣኛችን እኛ ሁልጊዜ በምንጠቀምበት በቴልኔት ወደ አንድ መሣሪያ ገባና የጻፈውን የይለፍ ቃል ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊደል በፊደል አሳየን። መሐል ላይ የቆመ ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል። ኤስኤስኤች የሚባለው አዲሱ መንገድ ግን ሁሉንም ቆልፎ ነው የሚልከው። አምቦ ስመለስ በየወረዳው ያሉት በሮቻችን በሙሉ ተበርግደው እንደሚያድሩ ነበር የታየኝ።

አለቃዬ ኦቦ ፈይሳ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መሣሪያዎቹን ወደ አዲሱ መንገድ እናዙር ስላቸው አዳመጡኝና "ሐሳብህ ጥሩ ነው" አሉኝ። "ግን ሰው እየተስተናገደ አይነካም። ቅዳሜ ከሰዓት እኔም እመጣለሁ፤ እዚያም መሣሪያው አጠገብ አንድ ሰው እናቁም።"

"እሺ" አልኩ። በማግሥቱ እሳቸው ስብሰባ ሲገቡ ብቻዬን ጀመርኩት። ቅዳሜ ሲመጡ የተጠናቀቀ ሥራ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። ከካቺሲ የጀመርኩት ደግሞ የተወለድኩባት ከተማ ስለሆነች ነው፤ መጀመሪያ የሚጠበቀው የአገሬ ሰው ይሁን ብዬ።

ያዘጋጀሁት በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ያለ ትእዛዝ ነበር፦ ከአምቦ በአዲሱ መንገድ የሚመጣውን አስገባ፣ ሌላውን ሁሉ መልስ። አዲሱ መንገድ ግን ገና አልተከፈተም፤ ቁልፉን አልሠራሁለትም። ደግሞም "ሌላው ሁሉ" ያልኩት የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በሙሉ መሆኑን አላሰብኩም። ትእዛዞቹን አንድ ላይ ለጥፌ ላክኋቸው። የመጨረሻው "ይህን አስቀምጥ" የሚል ነበር። ነጯ ምልክት ደርቃ ቀረች። አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ሌላውን ተጫንኩ፣ ምንም የለም። ራሴን ውጭ አስቀርቼ ቆልፌዋለሁ።

ብዙ ሳይቆይ ከካቺሲ ተደወለ። "ኔትወርክ ሄዷል፣ ሰው ደግሞ ተሰልፏል" አለ የመሬት ይዞታ መዝገብ ሠራተኛው። አጥፍታችሁ አብሩት አልኩት። አጠፉት፣ አበሩት፤ ከነስህተቴ ተነሣ። አስቀምጥ ብዬዋለሁና አስቀምጦታል።

ኦቦ ፈይሳ ከስብሰባ ሲወጡ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ከመሳቢያቸው ራውተር ላይ በቀጥታ የሚሰካውን ኬብል አውጥተው ሰጡኝና "አሁኑኑ ሂድ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጊንጪ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ የካቺሲን አውቶቡስ ያዝኩ። ጀልዱ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ልጆች በየመስኮቱ ትኩስ ቅቅል ድንች በበርበሬ ይሸጣሉ፤ ገዛሁና እጄ ላይ እንዳለ በረደ። ከጀልዱ ወዲያ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሁላችንም ወርደን ገፋን። ጎኔ ሆኖ የሚገፋው ሰውዬ "ምን አስቸኩሎህ ነው በዚህ ዝናብ?" ቢለኝ "ሥራ" አልኩት።

ካቺሲ ስደርስ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። መሥሪያ ቤቱ ተዘግቷል፤ ቁልፉን የያዘው ኃላፊ ገጠር ወጥቶ ስለነበር እስከ ጠዋት አይመጣም ተባለ። ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ናት። ደጃችን ላይ በጭቃ የተለወሰ የሰው ጫማ ተደርድሯል። ልቅሶ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እናቴ ወጥታ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

"ጠዋት ለተሰለፉት ሰዎች 'ይሄን መስመር ከአምቦ ሆኖ የሚያዘው የኔ ልጅ ነው' ሲላቸው ነበር አባትህ። ሲቋረጥ ጊዜ 'አትሂዱ፣ ልጄ ይመጣል' ብሎ ከሩቅ የመጡትን ይዟቸው መጣ።"

ስገባ ከየመቀመጫቸው ተነሡልኝ። ሽማግሌዎችና ሴቶች ናቸው። በጨርቅ የተሞላውን የአባቴን የስፌት መኪና ወደ ጥግ ገፍተው፣ ቂጣና በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቀርቦላቸው፣ እርጥብ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተቀምጠው ነበር። ከሴቶቹ አንዷ አዴ ጫልቱ ነበሩ። ባላቸው ሞተው የባላቸው ወንድም ማሳውን የኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። በማግሥቱ ጠዋት ቀጠሮ አላቸው፤ የይዞታ ወረቀታቸው ከኮምፒውተሩ ወጥቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት ለዳኛው መቅረብ አለበት።

"ኔትወርክ እኮ እንዲህ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ይሄዳል" አሉ አንድ ሽማግሌ፣ እኔን ለማጽናናት።

"ዝናቡ አይደለም አባባ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

"ሆን ብለህ?" አሉኝ ሽማግሌው።

"አይደለም። ልጠብቀው ብዬ ነው።"

"ከማን?"

ሥልጠናው ላይ ብጠየቅ ብዙ እናገር ነበር። አባቴ የተባለውን በኦሮምኛ ለአዴ ጫልቱ ነገራቸው፤ ልጄ ነው የዘጋው የሚለውንም ሳይዘል። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ነገ ይከፈታል?" ይከፈታል አልኩ። አባቴ የጭኮውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ "ብላ" አለኝ። ዓይኔን ግን አላየም።

ጠዋት ኃላፊው እንደመጣ ኬብሉን ሰክቼ ዘበኛውን አነሣሁት። ሥራው ራሱ ቀላል ነበር፤ ይህም ያሳፍር ነበር። ሰልፉ ላይ ያሉት አጨበጨቡልኝ። የአዴ ጫልቱን ወረቀት እኔው ከማተሚያው ላይ ተቀብዬ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ፍርድ ቤት ድረስ አብሬያቸው ሮጥኩ። ስማቸው ተጠርቶ አልፏል። ፍርድ ቤት ለክረምት ሊዘጋ ስለነበር ቀጠሮው ለጥቅምት ተዛወረ። ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና እጄን ይዘው "ገለቶሚ" አሉኝ። አመሰገኑኝ።

በጥቅምት ረቱ። እስከዚያው ግን የባላቸው ወንድም ማሳውን አርሶ ጤፍ ዘርቶበት ነበር። በዚያ ዓመት ከልጆቻቸው ጋር የሰው እርሻ ላይ አረም ሲያርሙ እንደከረሙ እናቴ ነገረችኝ።

አባቴ አሁን አርጅቷል። በጥር የአጎቴ ልጅ ሠርግ አምቦ ላይ ሲደገስ ከአንድ ገበታ ተቀምጠን ነበር። ለማያውቁት ሰዎች ያቺን ቀን ያወራል፤ መስመሩ እንዴት እንደተቋረጠ፣ ልጁ በዚያ ጭቃ አውቶቡስ እየገፋ እንዴት እንደደረሰ፣ ሕዝቡ እንዴት እንዳጨበጨበለት። "አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የ..." ብዬ ስጀምር ጉልበቴን በእጁ ጫን አደረገና ወሬውን ቀጠለ። ሰዎቹ በአድናቆት ያዩኛል፤ እኔ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬያለሁ።

ይቅር ብሎኛል፤ ምናልባትም ገና ያን ዕለት ማታ። ታሪኩን እንዲህ የሚያወራውም ለኔ ብሎ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን በሱ ታሪክ ውስጥ አዴ ጫልቱ የሉም።