ወንድምየው ያልፈረመበት ቤት

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። የሰፈራችን ቄስ ልጆች ሲያስተምሩ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጬ እየሰማሁ፣ ማታ በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፍኩ ራሴን አስተማርኩ። ግንበኝነትንም እንዲሁ በዓይኔ ነው የተማርኩት። ጣሊያን ደሴን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ኮምቦልቻ ላይ ድንጋይ ስጠርብ፣ ጣሊያኖቹ ግንበኞች ሳይቀሩ ቆመው እጄን ያዩ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሆነው ይኸው ነው። ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር።

ይህ ሁሉ ችሎታ ግን አንድ ቤት ለመግዛት አልጠቀመኝም። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ኮምቦልቻ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የመጀመሪያ ልጃችንን ወባ ወሰደብን። ባለቤቴ እንደገና ስታረግዝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ዝናቡ አባርቶ ወባው ሳይነሳ ደሴ አውጣኝ። እዚህ አልወልድም።» እኔም ማልኩላት።

ቤቱን ያገኘሁት ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ደሴ፣ ዛሬ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር። ግድግዳው የእንጨት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ያለበት። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ሙስሊም ነበሩ። ጉልበታቸው ስለደከመ ከሚስታቸው ጋር ቆላ ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ አስበዋል። ሚስትየዋ ባለቤቴን ከመጀመሪያው ቀን ወደዷት፤ እኛ ስለ ወሰን ስናወራ እሳቸው እጇን ይዘው ጓዳውን ያስጎበኟት ነበር።

ውሉን ራሴ ጻፍኩት። በምሥራቅ የማን አጥር፣ በምዕራብ የማን ግቢ፣ አንድም አላስቀረሁም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ጥሩ ጽፈሃል። ወንድምየው ተጠይቋል?» አለኝ።

ለካ ቤቱ ሻጩ ከአባታቸው የወረሱት ነው። ከኮምቦልቻ በታች፣ ቆላ ሐርቡ የሚኖር ታናሽ ወንድም አላቸው። እሱ ሳይጠየቅ ለባዳ መሸጥ ነውር ነው፤ እማኝም የሚቆም አይገኝም። ሻጩ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ውረድ። ሌላ ነገር አይፈልግም፤ እሺ ይላል» አሉኝ።

እኔ ሥራ ነበረብኝ። ደግሞስ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ሰው እስከ ሐርቡ የሚወርደው ለምንድነው?

«ደብዳቤ እጽፍለታለሁ» አልኩ።

«ማንበብ አይችልም እኮ፣ ልጄ።»

«የሚያነብለት አይጠፋም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያኔ ዝምታቸውን ለብዕሬ የሰጡት ክብር አድርጌ ወሰድኩት።

ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይሞላል። ወደ ሐርቡ ገበያ ለሚወርድ ነጋዴ ሰጠሁትና መልስ መጠበቅ ጀመርኩ። ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። ነሐሴ ሲጋመስ ትዕግሥቴ አልቆ ራሴ ወረድኩ።

ወንድምየው በሩ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምድ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

«ያ ጸሐፊ አንተ ነህ?»

«አዎን፣ አያ። እኔ ነኝ።»

«ወላሂ፣ እጅህ ውብ ነው ብለውኛል! ነጋዴህ በገበያ ቀን፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። የአባቴ ቤት መሸጡን በርበሬ ሻጩ ሰማ፣ ግመል ነጂው ሰማ፣ አማቼ ሳይቀር ሰማ። እኔ ከሁሉም ጋር እኩል ሰማሁ።»

«አያ፣ እኔ በክብር ነው የ—»

«ክብርህን እግርህ ይዞት ቢመጣ ምን ነበረበት? አሁን ሂድ። ቤቱን ምናልባት እኔው እገዛው ይሆናል። መጥቼ አየዋለሁ።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ስመጣ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ሽማግሌ ብልክ፣ «መጀመሪያውኑ የት ነበራችሁ?» ብሎ መለሳቸው። ራሴ ብመለስ ለቅሶ ሄዷል ተባልኩ። መስከረም ጠባ። ውሃው ባቆረበት ሁሉ ትንኝ ፈላ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ እየተንቀጠቀጠች ጥርሷ ሲጋጭ አገኘኋት። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት፤ ያን ዕለት ጋቢዋን አጣጥፋ ጓዟን ቋጠረች።

«ወዴት ነው?»

«ደሴ።»

«ቤቱ እኮ ገና አልተገዛም!»

«አንተ ከወረቀትህ ጋር ግዛው። እኔ ሁለተኛ ልጅ እዚህ አልቀብርም።»

በጭነት መኪና ወጣች። የሄደችውም ወደ ሻጮቹ ቤት ነው። ቅዳሜ ተከትያት ብደርስ፣ ልገዛው ባቃተኝ ቤት ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ከሻጩ ሚስት ጋር ምስር ትለቅማለች። አፍሬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሴትየዋ ሳቁብኝ፤ «ግባ እንጂ! ወንዶቹ ተነጋግራችሁ እስክትጨርሱ ይህች ልጅ ሜዳ ላይ ልትወልድ ነው?» አሉኝ።

ኅዳር ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። ያዋለዷት እኒያው ሴት ናቸው።

በስምንተኛው ቀን ወንድምየው ሳይታሰብ መጣ። እኔም፣ ለጥየቃ የመጡት የሰፈሩ ሽማግሌዎችም እዚያው ነበርን። ዱላውን ይዞ፣ ለጠብ እንደተዘጋጀ ሰው ደረቱን ነፍቶ ግቢ ገባ። ልክ አፉን ሲከፍት ሕፃኗ አለቀሰች።

«ቢስሚላህ! ማን ወልዶ ነው?»

«የገዢው ሚስት» አሉ ሴትየዋ።

«ገዢ? ማን ሸጠለት?»

«ማንም አልሸጠለትም። አራስ ቤት ቆመህ አትጩህ፤ ጫማህን አውልቅና ገንፎ ብላ።»

ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ተቀመጠ። ገንፎውን በቅቤው እያጠቀሰ በላ፤ ባለቤቴንም አላያትም፣ እኔንም አላየኝም። እኔ ግን እያንዳንዱን ጉርሻ አየሁ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ልጅቱን በደህና እንድታድግ መረቃትና ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ከአራስ ገንፎ በልቼ ውጪ አልላትም። ሽጥላቸው።»

በደስታ ዘልዬ ውሉን ከኪሴ አወጣሁ። የእሱን ስም ጽፌ፣ ለጣቱ አሻራ ቦታ ትቼ፣ ቀለሙንም አዘጋጅቼ ነበር።

«አያ፣ እዚህች ላይ ጣትዎን—»

«ገንፎውን በላሁ እኮ! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ለመንኩት። በሽማግሌዎቹ አስለመንኩት። ትልቁ ሽማግሌ ይባስ ብሎ፣ «ሁላችንም ሲበላ አይተናል፤ አትጨቅጭቀው» አለኝ። ሁሉም በውሉ ላይ አሻራቸውን አኖሩ፤ የወንድምየው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ልጄ እዚያው ቤት አድጋ እዚያው ተዳረች። ቤቱንም እኔ በድንጋይ መልሼ ገንብቼዋለሁ፤ በሰፈሩ እንደሱ ያለ ግንብ የለም። ወሰን ሊለኩ፣ ካርታ ሊያስተካክሉ የመጡ ሹማምንት ግን አንድም ሳይቀር ያችን ባዶ ቦታ በጣታቸው እየነኩ፣ «ይሄኛው ለምን አልፈረመም?» ይሉኛል። እኔም እንደዚያ አሳምሬ የጻፍኩትን ውል በእጄ ይዤ፣ ስለ ገንፎ ማስረዳት እጀምራለሁ።