የሳሙኤል ድንጋይ

ትርፌ አፏ አይታሰርም። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የምትኖርበት ሕንፃ ሊፍቱ ሲበላሽ ማኔጀሩን አፋጥጣ ያስጠገነች እሷ ናት። ሽማግሌ ስትጦር ግን፣ ሥራዋም እሱ ነው፣ አንጀቷ አይችልም።

የምትጦራቸው አቶ ሊዮ ዘጠና አልፏቸዋል። በልጅነታቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይሁድ ሲታደን፣ ከታላቅ ወንድማቸው ከሳሙኤል ጋር ጫካ ገብተው ተረፉ፤ እናታቸውን ግን ጎረቤት ጠቁሞ አስገደላት። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ያ ጠቋሚ ስሙን ቀይሮ እነሱ የተጠለሉበት የስደተኞች ካምፕ ብቅ አይል መሰላችሁ! ሳሙኤል ቢላዋውን ስሎ ተነሳ። ያኔ ጎረምሳ የነበረው ሊዮ፣ ወንድሜ ከገደለ ይታሰራል፣ የካናዳውም ጉዞ ይቀራል ብሎ ፈራና ሰውየውን በጓሮ አስመለጠው። ሁለቱም ቶሮንቶ ገቡ፤ ሳሙኤል ግን እስኪሞት ድረስ ወንድሙን አላናገረውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አንድ ቀን አቶ ሊዮ፣ «ትርፌ፣ ሳሙኤል መቃብር ጋ ውሰጂኝ። ሳልሞት ይቅር በለኝ ልበለው። ድንጋይም ያዢልኝ» አሏት።

ትርፌ ከሕንፃው ጓሮ ጡብ የሚያህል መርጣ ያዘች። መቃብሩ ጋ ደርሰው ከቦርሳዋ ስታወጣው ሽማግሌው በሳቅ ፈረሱ። «እኛ አይሁዶች መቃብር ላይ ለመታሰቢያ የምናስቀምጠው ጠጠር ነው እኮ!»

አፈረች። «እኛ አገርማ የበደለ ሰው ነው በማጅራቱ የሚሸከመው፤ ተበዳዩ ይቅር እስኪለው ድረስ።»

ሳቃቸው ጠፋ። «ስጪኝ።»

«ኧረ አባቴ፣ ይሰብርዎታል!»

«ስጪኝ አልኩሽ!»

ዊልቸራቸው ላይ አጎንብሰው ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ ጫኑት። «ሳሙኤል፣ አንተን በማዳኔ አልጸጸትም። ግን የእናታችን ደም ያንተም ነበር። ሳልጠይቅህ ብቻዬን ማርኩት።»

እንዳጎነበሱ፣ «ማነው የሚያወርድልኝ?» አሉ።

ትርፌ በሳሙኤል ፋንታ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው ወንድሟ ባልቻ ትዝ አላት፤ በደርግ ጊዜ ደጃፋቸው ላይ የረሸኑት። ገዳዮቹን እሷን ሳይጠይቅ ማንም በሷ ፋንታ ቢምራቸው እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ትነሳ ነበር። ቃሉን ዋጠችው።

«ማውረዱን አልችልም አባቴ፤ ይቅርታው የኔ አይደለም» አለችና አጠገባቸው ተንበርክካ ድንጋዩን በአንድ ወገን ደግፋ ያዘችላቸው።