መዳፍ በክሩ ላይ

በደብረ ታቦር አደባባይ ወጣት አዝማሪዎች የወደቁ ወታደሮችን በስም እየጠሩ ያወድሳሉ። የማሲንቆው ድምፅ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

ጋፋት፣ በጎረቤታችን በእትዬ ጥሩነሽ ግቢ፣ አያ ሙጬ የተባሉ ሽማግሌ አዝማሪ ከዘመቻ ያልተመለሱትን የመንደሩን ልጆች በየተራ እያነሡ ሲያንጎራጉሩ፣ የእትዬ ልጅ ተራ ደረሰ። እናቲቱ ተነሥተው መዳፋቸውን በማሲንቆው ክር ላይ ጫኑ።

«የእኔን ይተዉት፣ አያ ሙጬ! ሬሳውን ማን አየ?»

«እሺ እቴ፣ እተወዋለሁ። ታዲያ ከሙታን ጋር ካላነሣሁት፣ ከሕያዋንም ጋር ካልመጣ፣ በምን ላወድሰው?»

«ዝም ይበሉለት።»

ሽማግሌው ማሲንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

የልጅ ልጄ ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። አሁን አብረውት የሄዱት ጓደኞቹ እየተጠሩ ነው፤ ቀጣዩ ስም የእርሱ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። አዝማሪዎቹ ግን ከሕዝቡ ማዶ ርቀው ነው ያሉት፤ ዜማው የሚወርደው ምሰሶ ላይ ከታሰረ ድምፅ ማጉያ ነው፤ መዳፌን የምጭንበት ክር አጣሁ።