ሙሉና ጎዶሎ

ደመወዝ ስንት ዓይነት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ባለርስት የጥጥ እርሻ ካቦ ነበርኩ። ካቦ ማለት ሌላው ሲያጎነብስ ቆሞ የሚያይ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። የሚከፈለኝም ለዚያ ነበር።

ጸሐፊውና የትራክተር ነጂው የወር ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ቢታመሙም ወሩ አይቀርባቸውም። ውሃ የሚመልሱት በቀን ይከፈላቸዋል። ለቃሚው ግን በኪሎ ነው፤ የለቀመውን ተሸክሞ ሚዛን ላይ ያወጣል፣ ያልለቀመ አይበላም። በዚህ ላይ ባለርስቱ ሽልማት የሚባል ነገር አመጡ። አንድም የሥራ ቀን ሳይቀር ወሩን የጨረሰ ለቃሚ ብርድ ልብስ፣ ከስሩ አንድም ሰው ያልቀረበት ካቦ ደግሞ የእጅ ሰዓት ይሸለማል ተባለ። ቀን ያልቀረውን "ሙሉ" እንለው ነበር፤ አንዲት ቀን የቀረውን "ጎዶሎ"። "አንተ ጎዶሎ!" እየተባባልን እንሳሳቅ ነበር። አቤት ስንቀልድ!

ብርድ ልብስ በቆላ ምን ይሠራል? ላብ ከግንባር በማይደርቅበት አገር! እኛ የቆላ ልጆች ሳቅንበት። ለለቀማ ከላይ የሚወርዱት ደገኞች ግን አልሳቁም። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው እነሱ አገር ነዋ።

ከስሬ ከነበሩት አንዷ ደገኛ ነበረች፤ ቀጭን፣ እጇ ፈጣን። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም ባያንስም "ጋሼ" ትለኛለች፤ ካቦነቴን አይታ እንጂ ሽበቴን አይደለም። የምትለፋው ለመበለት እናቷ ነው፤ ደረታቸውን ብርድ አልለቅ ብሏቸዋል። "ጋሼ፣ ዘንድሮ እናቴ ሞቋት ታድራለች" አለችኝ ገና በመጀመሪያው ቀን። ሽልማቱ እጇ የገባ ያህል ነበር የምታወራው።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ወባ ያዛት። የእኛ አገር ሰው "ወባ ቀን አላት" ይላል። ዛሬ ካንቀጠቀጠች ነገ ትለቃለች፣ ከነገ ወዲያ ትመለሳለች። ስለዚህ ቀኗን እየቆጠረ ይሠራል። አባቴም እኔም የኖርነው እንዲሁ ነው። ቀን የማትለይ ወባ መኖሯን ማን ነግሮን!

ከግራር ጥላ ስር ጆንያዋን ተደግፋ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"ጋሼ፣ ከተማ ሄጄ ኪኒን ልውሰድ?" አለችኝ።

ከተማው ክሊኒክ ደርሶ መመለስ ቀን ይበላል። ቀኑ ከቀረ ብርድ ልብሷ ቀረ። ልዋሽ? በዚህ ዕድሜዬ ለምን እዋሻለሁ! የእኔም ሰዓት ቀረ። ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለው ሰዓቱ ነው።

"ዛሬ ቀኗ ነው፤ ነገ ትለቅሻለች። ይህን ያህል ለፍተሽ አሁን ጎዶሎ ልትሆኚ ነው?" አልኳት ሳቅ ብዬ። እሷም ሳቅ ብላ ተነሣች።

በማግስቱ አልለቀቀቻትም። "ነገ" አልኳት። በሦስተኛውም ቀን "ነገ" አልኳት። ጆንያዋ ግማሽ መድረስ ሲያቅተው ጓደኞቿ ከየራሳቸው እፍኝ እፍኝ ይጨምሩላት ነበር። የመጨረሻው ቀን ሁለቱ ደግፈው ሚዛኑ ድረስ አመጧት። ጸሐፊው መዝገቡን አይቶ "ሙሉ!" ብሎ ጮኸ፤ ሰው አጨበጨበ፤ ቀይ መስመር ያለው ግራጫ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተሰጣት። ለእኔም ሰዓቱ እጄ ላይ ታሰረልኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጎጆዋ ሄድኩ። ነጠላዋን ተከናንባ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ብርድ ልብሱ እንደታጠፈ ራስጌዋ ተቀምጧል።

"ልበሺው እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት።

"ላብ ይነካዋል፤ የእናቴ ነው" አለች።

ጓደኞቿ ሊያለብሷት ቢሞክሩ ገፍታ መለሰችው። ያኔ ደነገጥኩ። ሰው ሰብስቤ በቃሬዛ ወደ ክሊኒክ ስንወስዳት መንገድ ላይ አረፈች።

የገደለቻት ወባ ናት ይሉኛል። እሺ፣ ወባ ትሁን። ታዲያ ጥቅምት በገባ ቁጥር ሳቅ ብላ ስትነሣ የማያት ለምንድን ነው? "ሂጂ" ብላት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ናት! ይህን እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ረገምኩ።

ብርድ ልብሱን ለእናቷ ያደረስኩት እኔው ነኝ። መርዶው ቀድሞኝ ደርሷል። ሰዓቱን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ግማሽ ቀን ሽቅብ ወጣሁ። በጉርድ እጅጌ ሸሚዜ ደጋው ላይ ስደርስ ነፋሱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሁሉንም ልናገር ቆርጬ ነበር፤ ኪኒን ልውሰድ እንዳለችኝ፣ እኔ እንዳስቀረኋት።

እናትየውን ጥቁር ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። "እማማ፣ እኔ ካቦዋ ነኝ፤ ልጅዎን..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቄሃለሁ ልጄ" አሉና እጄን ያዙኝ። "ባመማት ጊዜ በመንገደኛ ልካብኝ ነበር። 'ካቦዬ ደግ ነው፤ እንዳልቀር ይመክረኛል፤ እንደ ወንድም ነው' ብላ። ልጄን ብቻዋን ስላልተውክልኝ እግዜር ይስጥህ።"

ልናገር የመጣሁትን ዋጥኩት። መላ አካላቴ ይንቀጠቀጣል፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላ እንጃ። አዩኝ። ያመጣሁላቸውን ብርድ ልብስ ዘረጉና ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

"ወይ ልጄን! የኛ ብርድ ቆላ የለመደ ሰው ይገድላል" እያሉ አንገቴ ስር አጠጋጉት።

አላወለቅኩትም። እውነቱን ልናገር፤ ሞቀኝ።