«ማማ አልማዝ» የተባለው ቦምብ

ትእዛዙ የደረሰን ጎህ ሳይቀድ ነው። «ስድስት አውሮፕላን ጫኑ» ተባልን። እኔ አብራሪ አልነበርኩም። ስኳድሮን በሚባል የአሜሪካ ማሪን ቦምብ ጣይ የአውሮፕላን ጓድ ውስጥ ቦምብ ክንፍ ሥር ከሚሰቅሉት አንዱ ነበርኩ። በዲቪ መጥቼ ኮሎምበስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መጫን ቢሰለቸኝ ተመዘገብኩ፤ ከድጡ ወደ ማጡ።

ይህን ያስነሳችው የእህቴ ልጅ ሜሮን ናት። ባለፈው እሑድ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ወዳለው ቤታቸው ስሄድ፣ «ጋሼ፣ ነገ ማሪን ሳይን ላደርግ ነው። የመለመለኝ ሪክሩተር ያንተ ስኳድሮን ሂስትሪው አሪፍ ነው አለኝ» አለችኝ። አሪፉን ነገርኳት።

የተላክንበትን ጦርነት በዓይናችን አላየነውም። አውሮፕላኑ ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። እንደገና እንሞላዋለን። ከመነሳቱ በፊት ቦምቡ ላይ በጠመኔ መጻፍ ልማዳችን ነበር፤ ቀልድ፣ ስድብ፣ የኳስ ቡድን ስም። ያን ቀን የእናቶች ቀን ስለነበር አለቃችን ሳጅኑ «የእናቶቻችሁን ስም ጻፉ» አለ። ሁሉም እየሳቀ ጻፈ። ጠመኔው እኔ ጋ ደረሰ።

«በእኛ አገር እናት የምትጠራው ለምሕረት ነው» አልኩት። «ሊመታህ የመጣውን ‹በእናትህ› ብለህ ትለምነዋለህ።»

«እንግዲያው እኔ ልጻፍልህ» አለ። የእናቴን ስም ከላከችልኝ እሽግ ላይ አይቶታል። በትልልቁ «ማማ አልማዝ» ብሎ ጻፈ። በእጅጌዬ ላጠፋው ስጠጋ ሞተሩ ተነሳ፤ ጎትተው አራቁኝ።

ረፋድ ላይ አውሮፕላኖቹ ተመለሱ። «ማማ አልማዝ»ን የጣለው አብራሪ ቪዲዮውን አሳየን። አንድ ቤት፣ ግቢው ውስጥ የተሰጣ ልብስ፣ ከዚያ ጭስ። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። እኔ ከድንኳኑ ወጥቼ ሄድኩ። ያ ጭብጨባ ዛሬም ይቀፈኛል።

«ስንት ሰው ሞተ?» አለች ሜሮን።

«ከእኛ ሁለት» አልኳት። ሁለቱም ነዳጅ ሲሞሉ በተነሳ እሳት ነው የሞቱት፤ ደግ ልጆች ነበሩ። በየዓመቱ ዳውንታውን አንድ አዳራሽ ተሰብስበን ሁለት ሻማ እናበራለን። ስለዚያ ቤት ሰዎች የጠየቀ የለም። ይህንንም «ሂስትሪ» ይሉታል።

ከእነሱ ጋር የምትኖረው እናቴ ከጓዳ ወጣች። የቦምቡን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ የምታውቀው ልጅቷ ልትፈርም መሆኑን ብቻ ነው።

«ሜሪዬ፣ በእናትሽ ተይው» አለቻት።

ሜሮን እኔን አየችኝ። ከዚያ ስልኳን አንስታ ሪክሩተሩን ኮል አደረገችው። «አይም ኖት ካሚንግ» ብላ እንደማትመጣ ስትነግረው ሰማሁ። እናቴ ገብቷት አልገባት እንጃ፤ እጇን ጠርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።