የአገረ ገዥው በቅሎ

ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ትምህርቴም ትንሽ ነው፤ አንዳንዱን አዛብቼ ከሆነ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ያኔ ያሳደገኝ አጎቴ ዳንጊሶ ነው፤ ቤቱ ያኔ ገጠር፣ ዛሬ ግን ቤት በቤት በሆነችው በቱላ መንደር ነበር። ለአገረ ገዥው በአስተርጓሚነት ብዙ ዘመን አገልግሏል። ማታ ማታ ለወባ ትንኝ የምናጨሰው ኩበት ዓይናችንን እያቃጠለ፣ በኩራዝ ብርሃን የሚያወራልን ሁሉ የእሳቸው ነገር ነበር፤ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተው መኳንንት ቤት ሲያድሩ፣ ዳኛ ሲሆኑ፣ ወረዳ ቀጥሎም አውራጃ ሲገዙ። አዲስ ነገር አይወዱም። መንግሥት የሰጣቸውን መኪና ግቢ አቁመው በበቅሎ ይዞሩ ነበር። «በመኪና የሚያልፍ ገዥ አቤት የሚለውን አይሰማም» ይሉ ነበር አሉ። ትምህርት ቤት ይከፈትልን ያሏቸውንም ገበሬዎች «ምን አስቸኮላችሁ?» ብለው መልሰዋል። አጎቴ ይህንንም አይደብቅም፤ ብቻ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሮች አገረ ገዥውን ወሰዷቸው። ሲወጡ የበቅሏቸውን ልጓም ለአጎቴ ሰጥተው፣ እስክመለስ አደራ አሉት። የጌታ በቅሎ ደግሞ ጭነት አይጫንባትም። ስለዚህ እሷ ደጃችን ሣር እየጋጠች ስትወፍር፣ የአጎቴ ሚስት አመለች ውሃውንም በቆሎውንም በጀርባዋ ታመላልስ ነበር። ማታ ከምድጃው አጠገብ ወገቧን ማቅናት ያቅታት ጀመር።

አንድ ምሽት ወሬውን አቋረጠችው።

«ዳንጊሶ፣ ከእኔና ከበቅሎዋ እመቤቲቱ ማናት?»

እኛ ልጆቹ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

«አደራ ነው» አለ።

«ባይመለሱስ?»

ፍሙን ቆሰቆሰ።

አጎቴ ከተማ መናኸሪያ እየወረደ ከአዲስ አበባ የመጣውን መንገደኛ ሁሉ ስለ እሳቸው ይጠይቅ ነበር። ክረምቱ መጥቶ ሄደ። በመጨረሻ የገዥው ዘመድ የሆነ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ፣ እስር ቤት እንዳሉ መሞታቸውን፣ መቃብራቸውም እንደማይታወቅ ነገረው። አብሬው ነበርሁ። የዚያን ማታ ያለ ወሬ ተኛን።

ጠዋት ስንነሳ አጎቴ የአመለችን በቆሎ በቅሎዋ ላይ እየጫነ ነበር። አመለች የገዥው መሞት ሲገባት ሮጣ ጆንያውን ያዘችና «ተው፣ ይቅር» እያለች አለቀሰች።

«ከእንግዲህ ያንቺ ናት» አላት፤ ገመዱንም አጠበቀ።

ስለ አገረ ገዥው ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ነገር የለም። ደግ ይሁኑ ክፉ ዛሬም መቁረጥ ያቅተኛል። የቀረልኝ ያ ጠዋት ነው። በቅሎዋ ጭነት ስላልለመደች አልሄድም ብላ ቆማ ነበር፤ አጎቴ ልጓሟን ይዞ ቀስ ብሎ ፊት ፊት ሄደ፣ አመለችም ባዶ ጀርባዋን ቀና ለማድረግ እየሞከረች ከኋላ ተከተለች።